የጎታው ውታፍ

ቀናተኛ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም፣ ራሴ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ገበያ ውላ ስትገባ ጨው የሸጠላት ሰው ወጣት ይሁን ሽማግሌ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ቀን ጥቂት ነው። እሷም ለምዳው «ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነው» እያለች ትገላግለኝ ነበር። እንደ እሷ አነጋገር የሸዋ ሮቢት ጨው ነጋዴ ሁሉ ጥርስ አልነበረውም። ይሁንና በዕድሜዬ ከቀናሁባቸው ሰዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደረቴን የሚያቃጥለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በጥልያን ጊዜ በግቢዬ ዳር ጎጆ ሠርቶ ይኖር የነበረ የአሊዩ አምባ ሰው።

ሰውየው አልሰረቀኝም፣ አልሰደበኝም። ይህም ራሱ ያናድደኛል፤ ሰድቦኝ ቢሆን ሰድቤው እገላገል ነበር። ሚስቱን በወባ ቀብሮ፣ የአባቱን የሽመና ዕቃ ለወንድሙ ትቶ፣ ጥልያን ዘንድ በአናጢነት ሊቀጠር ወደ እኛ ወረደ። የሃይማኖት ወንድሜ ነው ብዬ ከአጥሬ ሥር ጎጆ እንዲሠራ ፈቀድኩለት። ዱቄቱን ለባለቤቴ ይሰጣታል፣ እሷ ከእኛው ጋር ትጋግርለታለች፣ እሱ በር ላይ ተቀብሎ ጎጆው ገብቶ ይበላል። ከደፋችን አልፎ አያውቅም። እኔን «ጋሼ»፣ እሷን በዕድሜ ብትያንሰውም «እትዬ» ይላል። ከእሷ ጋር ሲነጋገር አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ግን ይህን ማቀርቀሩንም አልወደድኩለትም። ሰው የሚያቀረቅረው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው እል ነበር።

ያን ጊዜ ጥልያን ከመንገዱ ዳር ትልቅ መጋዘን ያሠራ ነበር። ከምድር ቤቱ በላይ ሌላ ፎቅ የሚቀመጥበት፣ ወለሉ በአርማታ የሚሞላ ቤት ነው። አርማታ ሲፈስ እንደ ገንፎ ነው፣ ራሱን አይችልም። ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፍለታል፣ ሳንቃውን ደግሞ ከደብረ ሲና በመኪና የሚመጣ የባሕር ዛፍ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሸከመዋል። ይህን ግንድ ጥልያኖቹ ፑንቴሎ ይሉታል፣ እኛም ፑንቴሎ አልነው። ሲሚንቶው እስኪጠና ድረስ ሴቶች ከሮቢ ወንዝ ውኃ እየቀዱ ከላይ ያጠጡታል። በእኛ ቆላ ሙቀት ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሲጠና ግን ፑንቴሎው መውጣት አለበት። ማቆሙን ማንም ያቆመዋል፤ መከራው ማውጣቱ ነበር።

በእያንዳንዱ ግንድ እግር ሥር ሁለት ሽብልቆች ከወዲህና ከወዲያ ይገባሉ፣ ግንዱን ወደ ላይ ገፍተው የሚያጠብቁት እነሱ ናቸው። ለማውጣት ሽብልቁን በመዶሻ መምታት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። የዚያ ሁሉ አርማታ ክብደት ሲጫነው፣ ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ሲያሳብጠው ግን ሽብልቁ ከግንዱ ጋር አንድ ይሆናል። ትመታዋለህ፣ ከራስህ በላይ ያለው ወለል ይንቀጠቀጣል፣ ሽብልቁ ግን ንቅንቅ አይልም። እንደገና ትመታዋለህ። ከዚያ ባላሰብከው ሰዓት ይለቅና ግንዱ እንደ በቅሎ ይራገጣል።

ያንን የምመታው እኔ ነበርኩ። የፑንቴሎ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ ሽርጤን ጠበቅ አድርጌ መዶሻዬን ይዤ ብቻዬን እገባለሁ። ባለቤቴ ከውኃ ቀጂዎቹ አንዷ ነበረች። እኔ ስገባ እንስራዋን ታወርድና እጇን አፏ ላይ ጭና ትቆማለች። ሌሎቹ ሴቶች «አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል» ይሏታል። ስወጣ እንስራዋን አንስታ ትሄዳለች። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ሥራ የምወደው ደሞዙን አልነበረም። እሷ እጇን አፏ ላይ ጭና መቆሟን ነበር የምወደው።

የመጀመሪያውን ክፍል ፑንቴሎ ስናነሳ ግን ነገሩ አላማረም። አንዱ ግንድ እምቢ ብሎኝ ብዙ ስመታው ቆየሁና በድንገት ለቆ ቅልጥሜን አገኘኝ። ይባስ ብሎ ድብደባው ከወለሉ ጠርዝ ላይ ትልቅ ቁራጭ አርማታ ፈነቀለ። ካፖው፣ ማለት የሥራው አለቃ ጥልያን፣ ስለ እግሬ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ አርማታው ጮኸብኝ። በተሰባበረ አማርኛው ሁለተኛውን ክፍል እንዲህ ብታነሱ ቤቱን ታፈርሱታላችሁ፣ ሌላ መላ አምጡ አለ። በማግስቱ ያ የአሊዩ አምባ ሰው እኔን ሳያማክር ወደ ካፖው ሄዶ «እኔ ልሞክር» አለ።

እሱ የሠራው ሣጥን ነው። ከወፍራም ሳንቃ የተገጠመ፣ በበርሜል ብረት ዙሪያውን የታሰረ፣ ከላይ ክፍት የሆነ ሣጥን። ውስጡን በፀሐይ በደረቀ የሮቢ አሸዋ ሞላው። በአሸዋው ላይ ከሣጥኑ አፍ ጠበብ ያለ ድፍን እንጨት አስቀመጠ፣ ግንዱን በእንጨቱ ላይ አቆመ። ሽብልቅ የለ፣ ምን የለ። አሸዋው ታስሮ እስካለ ድረስ ግንዱን ይሸከማል። አሸዋውን ከሥር ስትለቀው ግንዱ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሠራተኛው ሳቀበት፣ እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። «አሸዋ ላይ ቤት ሊሠራ ነው» አልኩ፤ ለዚህ ቀልድ የሳቁልኝን ሰዎች ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ ቁጢጥ ብዬ የሣጥኑን እግር አየሁ። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ።

ከሣጥኑ ሥር አሸዋው የሚለቀቅበት ቀዳዳ ነበረ። ቀዳዳው ወደ ታች አዘንብሎ ተበስቷል። ከበታቹ የሚፈሰውን የሚቀበል ትንሽ የጭቃ ከንፈር ተለጥፎለታል። የተወተፈውም በፍየል ቆዳ በተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ይህን ውታፍ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ። የባለቤቴ የጎታዋ ውታፍ ነው።

ጎታ በእኛ አገር ማሽላችንን የምናስቀምጥበት፣ ሴቶቹ በጭቃ፣ በጭድና በእበት የሚሠሩት፣ የሰው ቁመት ያለው የእህል ማኖሪያ ነው። እህሉ በላይ ይገባል፣ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ይቀዳል። ቀዳዳውን ሌላው ቤት ሁሉ በጨርቅ ነው የሚወትፈው። የእኔ ባለቤት ግን አይጥ ጨርቁን እየጎተተ ማሽላዋን ቢፈጅባት ጊዜ ቆረቆንዳ በቆዳ መጠቅለልን ከራሷ አወጣች። ከንፈሩንም እንዲሁ፣ አንዲት ፍሬ መሬት እንዳትወድቅባት ብላ። እናቷ ቤት የለም፣ ጎረቤትም የለም፣ እሷ ዘንድ ብቻ ነው ያለው። ጎታው ደግሞ የሚቀመጠው ጓዳ ነው። የሰው ጓዳ ባዕድ ወንድ አይገባበትም። የገዛ ወንድሜ እንኳ ቤቴ ሲመጣ የጓዳዬን ውስጥ አይቶት አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው የት አየው?

መዶሻዬን ተሸክሜ ወደ ቤት ስሄድ ይህን ብቻ እያልኩ ነበር። ጓዳ ገብቼ ጎታው ፊት ተቀመጥኩ። ከመሬቱ ላይ የሰው ዱካ ፈለግሁ፤ የራሴንና የእሷን ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ግን መጥረጊያ የማታውቅ ሴት የለችም ብዬ ይህንንም በእሷ ላይ ቆጠርኩባት። ስትገባ «ዛሬ ቤቱን ጠርገሽዋል?» አልኳት። «መቼ ሳልጠርግ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለች። እኔ ዘንድ ይህ መልስ ከእምነት ቃል የባሰ ጥፋተኛ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላህ ያውቃል። እሱ እንጀራውን ሊቀበል በሩ ላይ ሲቆም እጇ ከእጁ ምን ያህል እንደሚርቅ እለካለሁ። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ ብዬ አዳምጣለሁ። ከእሷ የሚመጣ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ሆዴን አሞኛል አልኩ። እሷ ሬት በጥብጣ አጠጣችኝ፣ ጠጣሁት፤ ቅናቴ ግን እንዲያ በመሰለ መድኃኒት የሚነቀል አልነበረም። ሥራ ቦታ ደግሞ የሁለተኛው ክፍል ግንድ ሁሉ በሣጥን ላይ ይቆማል፣ ሁሉም ሣጥን ሣጥን ይላል። ካፖው የሰውየውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። እኔን ግንድ እንዳቀብል አዞኛል። በሁለቱም በኩል፣ በቤቴም በሥራዬም፣ ያ ሰው የእኔ ቦታ ላይ ገብቶ ቆሞ አየሁት።

ልፈታት ቆረጥኩ። በእኛ ዘንድ የፍች ቃል ከአንደበት ከወጣ አይመለስም፣ ስለዚህ ሰው ተቆጥቶ ሳለ እንዳይናገረው ይመክራሉ። እኔ ግን የጠበቅሁት ቁጣዬ እስኪበርድ አልነበረም። የጠበቅሁት ሁለተኛው ክፍል የሚነሳበትን ቀን ነው። ሣጥኑ ሲከሽፍ፣ ሰውየው በካፖውና በሠራተኛው ፊት ሲያፍር ላየው ፈለግሁ። እሷም እዚያ ቆማ እንድታየው። ከዚያ ቤት ወስጄ ቃሉን እነግራታለሁ። ቅናት እንዲህ አርቆ እንደሚያስብ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አርማታው ፈስሶ ጠናና ቀኑ ደረሰ። ከጣርማ በር በኩል ደመና ቢታይም እኛ ዘንድ ፀሐዩ ያነዳል። ሠራተኛው ወጣ፣ ዱዓው ተደረገ። ሰውየው ገባና የመጀመሪያውን ሣጥን ውታፍ ነቀለ።

ምንም አልፈሰሰም።

ለካ ሴቶቹ ከላይ ወለሉን ሲያጠጡ የሰነበቱበት ውኃ በሳንቃው ስንጥቅ እየወረደ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። አሸዋው ረጥቦ፣ በክብደቱ ተረግጦ፣ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛውን ነቀለ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ግንባሩ ላይ ላብ ወረደ። «አልሐምዱ ሊላህ» አልኩ በልቤ። ከልቤ ነበር ያመሰገንኩት። ካፖው ዞር ብሎ ፈለገኝና በእጁ ጠራኝ። መዶሻዬን አነሳሁ፣ ሽርጤን አጠበቅሁ። በዚያ በረሃ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ያኔ ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ። መሬት መሬቱን እንጂ ሴት አያይም የተባለው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል የእኔን ሚስት በዓይኑ ፈለጋት። አገኛትም።

እሷ እንስራዋን አወረደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከመሬት አንድ ቀጭን የአርማታ ሽቦ አንስታ፣ እኔ ብቻዬን ወደምገባበት ቤት ዘው ብላ ገባች። ማንም «ኧረ ተይ» ሳይላት፣ እኔም ጭምር፣ ሣጥኑ ፊት ቁጢጥ አለች። ሽቦውን በቀዳዳው ወደ ላይ ሰዳ ነቀነቀችው። ቀጥላም በሣጥኑ ጎን ዝቅ ብሎ ባለው ቦታ ላይ በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችው። ማሽላዋ ረጥቦ አልወርድ ሲላት በጎታዋ ሆድ ላይ የምታደርገው ነው፤ ከመደቤ ሆኜ ብዙ ጊዜ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ጓል ወጣ። ቀጥሎ ደቃቅ አሸዋ መውረድ ጀመረ፣ ከዚያም አላቋረጠም።

ግንዱ ዝቅ አለ። አልጮኸም፣ አልተራገጠም። ሳንቃው ከአርማታው ስስ ብርሃን እስኪታይ ድረስ ተለየ። እሷ ወደ ቀጣዩ ሣጥን አለፈች፣ እሱ ውታፉን እየነቀለ፣ እሷ ሽቦዋን እየሰደደች፣ አንዱን ከሌላው እያስከተሉ ሄዱ። አይነጋገሩም፣ አይተያዩምም። ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ ሲገባቸው መተያየት አያስፈልጋቸውም፤ እኔን የፈጀኝም ይኸው ነው። ወለሉ ሁሉ ያለ አንዲት የመዶሻ ምት ራሱን ችሎ ቆመ። ካፖው ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ። ለእሷ ማንም እጁን አፉ ላይ ጭኖ አልቆመላትም፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረምና። እኔ መዶሻዬን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ ከግራሮቹ ሥር አስቆምኳት። የፍች ቃሉ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ውታፉን ማን አሳየው?» አልኳት።

«የቱን ውታፍ?»

«የጎታሽን።»

«ማንም አላሳየው። እኔ ነገርኩት» አለች። አልደነገጠችም።

«ጓዳዬ ገብቶ አላየም?»

እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ግራ መጋባት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ የገባት መሰለኝ። ሬቱን ለምን እንደጠጣሁ፣ ምግብ ለምን እንደዘጋኝ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት።

«ወላሂ፣ ደፋችንን ረግጦ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «የነገርኩት እዚህ ነው፣ አሸዋ ስንዝቅ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት። ይጠይቋቸው።»

አመንኳት። ሴቶቹን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ባለቤቴ ስትዋሽና ስትምል ለይቼ አውቃለሁ፣ ጥርስ የሌላቸውን ጨው ነጋዴዎች ስታወራልኝ በወላሂ አታወራልኝም። ሸክም ከላዬ የወረደልኝ መሰለኝ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን አላስችለኝ አለ።

«እንዲህ ያለ ነገር ካወቅሽ ለምን ለእሱ ነገርሽው?»

«አስቀድሜማ ለአንቱ ነግሬዎ ነበር።»

«መቼ?»

«ፑንቴሎው እግርዎን የመታዎ ቀን፣ እግርዎን ሳጥብልዎ። ግንዱን አሸዋ ላይ አቁማችሁ፣ አሸዋውን እንደ ማሽላ ከሥር ብትቀዱት ያለ መዶሻ ይወርዳል አልኩዎ። ስለ ውታፉም፣ ስለ ከንፈሩም፣ ሁሉንም ነገርኩዎ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። የውኃው ሙቀት ትዝ አለኝ። የእግሬ ጥዝጣዜ፣ የካፖው ጩኸት፣ ለካፖው ብመልስለት ኖሮ የምላቸው ነገሮች፣ ሁሉም ትዝ አሉኝ። የእሷ ድምፅ ግን ከመካከላቸው የለም። ዛሬም ስፈልገው አላገኘውም።

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

«ውኃው ላይ ጨው ጨምሪበት አሉኝ።»

«እሱስ?» አልኳት። ባልጠይቃት ይሻለኝ ነበር።

ወደ ወንዙ አየች፣ አሸዋ ወደሚዛቅበት ቦታ። ፊቷ ላይ ከተጋባን ወዲህ ለእኔ ሆኖ ያላየሁት የፈገግታ ብልጭታ መጣና ሄደ።

«‹እትዬ፣ እስቲ ይድገሙልኝ› አለኝ» አለች። «ደገምኩለት።»

ጓዳዬ ገብቶ ቢሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ለዚያ ዱላ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ቃዲ አለ። ሚስቴን «ድገሚልኝ» ብሏታል ብዬ ለየትኛው ሽማግሌ ልከሰው? ምላሴ ላይ የነበረው ቃል የት እንደገባ አላውቅም፣ ልፈታት አልቻልኩም። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ከፊተኛው ይልቅ በረታ እንጂ። እሷ እንስራዋን አዝላ ከፊቴ መንገድ ጀመረች። እኔም መዶሻዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተከተልኳት። ምንም ትበል ምን፣ ስለ ማገዶም ቢሆን፣ ስለ ፍየሏም ቢሆን፣ «እስቲ ድገሚልኝ» ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ቤት እስክንደርስ ድረስ አንድም ነገር አልተናገረችም።